ኦርኪዱና የቄስ ኪዳነ መስኮት

ትርሲት ከደብረ ብርሃን ተነቅላ የባሏ አባት ቤት የገባችው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ቤቱ ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማያጣው ኮረብታ ላይ ነበር። ባሏ ምንተስኖት አይሱዙውን ግቢው በር ላይ አቁሞ ፍራሽና ሻንጣ ሲያወርድ፣ እሷ ከጋቢናው የወረደችው አንድ የአበባ መትከያ በሁለት እጇ ታቅፋ ነው።

የባሏ አባት ቄስ ኪዳነ በርኖሳቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ያ የታቀፍሽው ምንድን ነው?» አሉ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ።

«አበባ ነው አባ። ኦርኪድ ይባላል።»

«አበባው የታለ?»

አበባ አልነበረውም። ያለው ወፋፍራም ቅጠልና ከመትከያው አፍ ወጥቶ የተንጠለጠለ ግራጫ ሥር ብቻ ነው። ቄስ ኪዳነ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ጣታቸውንም ሰደው ነካ አደረጉት።

«አፈር እንኳ የለውም።»

«አፈር አይፈልግም አባ። በዛፍ ቅርፊት ነው የሚተከል። ሥሩ አየር ይወዳል።»

ቄስ ኪዳነ ቀና ብለው ያዩት እሷን ሳይሆን ልጃቸውን ነው። «አፈር የማይፈልግ ነገር በዚህ አገር በቅሎ አያውቅም» አሉና ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ትርሲት ይህን ለአበባው ብቻ እንዳልተናገሩት ያኔውኑ ገብቷታል።

ደብረ ብርሃን ሳለች አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሆቴሉ ገበያ አጥቶ ሲዘጋ ሠራተኛው ወንበሩንም መጋረጃውንም ተቀራምቶ ሲወስድ ኦርኪዱን የፈለገ አልነበረም። እሷ ግን ጠባዩን ታውቅ ነበር። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሲያስቀምጡት ቅጠሉ ሲጠቁር፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስታወት ሥር ሲያደርጉት ደግሞ ጠርዙ ሲቀላና ሲቃጠል አይታለች። ሳሳ ያለ መጋረጃ በተጋረደ መስኮት አጠገብ ሲሆን ብቻ ዘንግ ያወጣል፤ ዘንጉም ወራት የሚቆይ ነጭ አበባ ይይዛል። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ለእሷ እጅ ምላሽ የሚሰጥ ነገር እሱ ብቻ ይመስላት ስለነበር ይዛው ወጣች። ከዚያ ኪራዩ ጨመረ። ምንተስኖትም ሳምንቱን መንገድ ላይ የሚውል ሹፌር ነው። «እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባ ብቻቸውን ናቸው፤ አንቺም ከኪራይ ታርፊያለሽ» አለ። ሌላ መሄጃ ስላልነበራት እሺ አለች።

የቄስ ኪዳነ ቤት የመንዝ ድንጋይ ቤት ነው። ብርዱ እንዳይገባ ግድግዳው ሲወፍር ብርሃኑም አብሮ ተከልክሏል። ለባልና ሚስቱ የተሰጠው የጓዳ ክፍል ጣሪያው ሥር ካለች ጢስ መውጫ በቀር ክፍት አልነበረውም። መስታወት የገባለት መስኮት በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ በፊተኛው ክፍል፣ በምሥራቅ በኩል። ከመስኮቱ ሥር መደብ አለ፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ቄስ ኪዳነ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያ ተቀምጠው የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ፀሐይዋ ጣሪያውን እስክታልፍ አይነሱም። በዚያ ሰዓት በፊታቸው ማለፍ ነውር ነበር።

ትርሲት ኦርኪዱን መጀመሪያ ያስቀመጠችው ጓዳው ውስጥ ነው። ጥቅምት ሲገባ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ ለምልሞ ወደ ጎን ተዘረጋ። እሳት ልትጭር የመጣችው ጎረቤታቸው እትዬ የትምወርቅ አይታው «ውይ፣ እንዴት አማረበት! ቦታው ተስማማው» አለች። ትርሲት ግን አልተደሰተችም። አዲስ የወጣው ቅጠል ረዝሞ ልፍስፍስ ብሎ ነበር፤ የሚጠቁረውም ጠግቦ ሳይሆን ብርሃን ተርቦ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወስዳ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጥግ አስይዛ አስቀመጠችው።

ቄስ ኪዳነ ከቅዳሴ ሲመለሱ መደቡ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ቆመው አዩት። «አንሺው» አሉ።

«ጥግ ላይ ነው አባ፤ አይነካዎትም።»

«አንሺው አልኩሽ። ብርሃኔን ይጋርዳል።»

«ያለ ብርሃን ይሞታል።»

«ይሙታ! እኔ ለቅጠል ብዬ መጽሐፌን ልጠፍ?»

አላነሳችውም። ቄስ ኪዳነም አልደገሙላትም፤ በበርኖሳቸው ጫፍ መትከያውን ወደ ዳር ገፍተው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ሁሉ በዚያች መስኮት በኩል ሆነ። እህል ስታቀርብላቸው ቀና ሳይሉ ይቀበላሉ። ጨው በዛ፣ ውሃው ቀዘቀዘ፣ በሩ አልተዘጋም ይላሉ። እሷም የሚሉትን ሰምታ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከመልስ የባሰ እንደሚያናድዳቸው ስለገባት ሆን ብላ ነበር ዝም የምትል።

ቅዳሜ ምንተስኖት ሲመጣ ሁለቱም ለየብቻ ይነግሩታል። እሱ ሁለቱንም «ልክ ነሽ፣ ልክ ነዎት» ብሎ እሑድ ማታ ይሄዳል።

«አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተናገራቸው» አለችው።

«አባቴ ናቸው ትርሲት። ቄስም ናቸው። ምን ልበላቸው?»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

ጎማ ልይ ብሎ ወጣ።

ኅዳር ላይ ውርጩ በረታ። ጠዋት ጠዋት የገብሱ ማሳ ነጭ ሆኖ ያድራል። ትርሲት ማታ ማታ ኦርኪዱን ከመስታወቱ አንስታ ምድጃው ወዳለበት ክፍል ታስገባዋለች፤ ሲነጋ ወደ መስኮቱ ትመልሰዋለች። እንዲህ ስታደርግ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቅጠሎቹ ብብት አረንጓዴ ሹል ነገር ብቅ አለ። ሥር መስሏት ነበር፤ ሥር ግን ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ ይሄኛው እንደ ጣት ሾጠጥ ያለ ነው። የአበባ ዘንግ ነበር። የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ብርሃን አንድ ላይ ቀስቅሰውታል። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም።

ዘንጉ ወደ መስታወቱ አዘንብሎ ማደግ ጀመረ። የኦርኪድ ዘንግ ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫ ተከትሎ ነው የሚሄድ፤ መትከያው በተዞረ ቁጥር እሱም መንገዱን ይለውጣል፣ ይጠማዘዛል። ይህን ስለምታውቅ መትከያው ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አሰረች። ክሩ ሁልጊዜ በመስታወቱ በኩል እንዲሆን አድርጋ ትመልሰዋለች።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ዘንጉ ጠመመ። ወደ ግራ ሄዶ፣ ተመልሶ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ እንደገና ወደ ግራ ታጥፎ እንደ ገመድ ተገመደ። ክሩን አየች፤ ባስቀመጠችበት ነበር። ጠዋት በቦታው ነው፣ ከሰዓት ስትመለስም በቦታው ነው። መካከል ላይ ግን አንድ ሰው ያዞረዋል፤ ኋላ ክሩን አስተካክሎ ይመልሰዋል።

እራት ስታቀርብ አላስቻላትም።

«አባ፣ አበባውን ለምን ያዞሩታል?»

«የአንቺን ቅጠል ምን ልሠራው ብዬ?»

«ዘንጉ ጠሟል። ብርሃኑ ካልተቀያየረበት በቀር አይጠምም።»

«እንግዲህ ቅጠል ምስክር ቆመብኝ!» ብለው እንጀራውን ወደ ጎን አደረጉት። «በልጅነቴ ከየኔታ ሥር፣ ከዚያ በክህነት ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ውሸታም ያለኝ ሰው የለም። አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።»

በነጋታው ትርሲት ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጭ እንደሚሄድ ሰው ከግቢው ወጣች። አጥሩን ዞራ ጀሪካኑን አስቀመጠችና በምሥራቅ በኩል ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ስለነበረች ውስጡ ወለል ብሎ ይታያታል።

ቄስ ኪዳነ መትከያውን አንስተው፣ ፊቱን አዙረው መደቡ ላይ አስቀመጡት። መጽሐፉን ገልጠው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ አራቁት። ወደ መስታወቱ አዘነበሉት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ልክ ዘንጉ እንደተጠማዘዘው። አንገታቸውን ሰብረው ገጹን በአንድ ዓይን ሊያዩ ሞከሩ። ዓይናቸው አነባ፤ በነጠላቸው ጠረጉ፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አደረጉና ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ይደግሙ ጀመር። አልፎ አልፎ በልማድ የመጽሐፉን ቅጠል ይገልጣሉ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ስታርፍ የዓይናቸው ብሌን እንደ አጓት ነጥቶ ታያት። የእሷ ጥላ መስታወቱ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ቆማ አላዩአትም። ሲጨርሱ ቀዩን ክር በጣታቸው ዳብሰው ፈልገው መትከያውን ወደ ቦታው መለሱት።

የዓይን ሞራ ነው። ቄስ ኪዳነ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። ደብቀውታል፤ ዓይኑ የማያይ ቄስ መቅደስ ገብቶ መቀደስ አይችልምና። ትርሲት ያን ጊዜ ልታዝንላቸው ይገባ ነበር። እሷ ግን ጀሪካኗን አንስታ ወደ ምንጩ ስትወርድ የተሰማት ኀዘን አልነበረም፤ ዱላ ያገኘ ሰው የሚሰማው ነገር ነው። ለማንም አልተናገረችም። አስቀመጠችው።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ሞላሌ ገበያ ሄዳ ስትመለስ ኦርኪዱን ከመስኮቱ ላይ አጣችው። ምድጃው ጋ የለም፣ ጓዳም የለም። ያገኘችው ደጅ፣ ድንጋይ ካቡ ላይ ነው፤ የመንዝ የጥር ፀሐይ አናቱ ላይ ቆሞበት። ሁለቱ ትልልቅ ቅጠሎች መሐላቸው ነጥቶ ነበር፤ ስትነካቸው ይሞቃሉ። በነጋታው የነጣው ወደ ቡናማ ተለወጠ፣ እንደ ረገፈ ቆዳም ሳሳ። ዘንጉ ላይ ከወጡት እምቡጦች ሁለቱ ወደቁ።

«ብርሃን ይፈልጋል አላልሽም?» አሉ ቄስ ኪዳነ ከመደባቸው ሳይነሱ። «ብርሃን ሰጠሁት።»

ትርሲት ሲወጡ ጠብቃ አጎዛውን፣ መጽሐፉን፣ መቋሚያውን ሰብስባ የመጨረሻው ጨለማ ጥግ ውስጥ፣ ከገብስ ጎተራው አጠገብ አስቀመጠች። መደቡ ላይ ሻንጣዋን አጋደመችበት፤ ሻንጣው ላይ ኦርኪዱን። ቄስ ኪዳነ ሲመለሱ በለመዱት መንገድ ሄደው ሊቀመጡ ሲሉ ከሻንጣው ጋር ተጋጩ፤ ጉልበታቸውን ያዙ። እሷ ከምድጃው አጠገብ ቆማ አየቻቸው። ለመቀመጫቸው በእጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ጥጉን ፈለጉ፤ «እዚህ ነው» አላለቻቸውም።

«ከዚህ ቤት ወይ እሷ ወይ እኔ» ብለው ለልጃቸው የላኩበት በዚያ ማታ ነው።

ሽምግልናው የተቀመጠው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሁለት ሰዎች መጡ፤ የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ወልደ አማኑኤልና የመንደሩ ሽማግሌ አያ ወዳጆ። ምንተስኖት በሁለቱ መካከል ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ትርሲት ምሰሶው አጠገብ ቆመች።

ቄስ ኪዳነ ጀመሩ። ምራታቸው እንዳልታዘዘቻቸው፣ መቀመጫቸውን እንደ ነጠቀቻቸው፣ በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ እንዳደረገቻቸው ተናገሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም» አሉ። «በጠዋት ብርሃን ጸሎቴን ማንበብ ነው የፈለግሁት። እሷ ብርሃኔን ለቅጠል ሰጠችብኝ።»

አያ ወዳጆ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ ከባድ ነገር ነው። የቄስን የጸሎት ቦታ? ለአበባ? ይቅርታ ጠይቂና አበባውን ወዲያ አድርጊ፤ በዚህ እንጨርሰው።»

«አበባውን አቃጥለውታል» አለች ትርሲት።

«አበባ ነው እኮ!» አለ ምንተስኖት ቀና ሳይል።

እሱ ባይናገር ኖሮ ምናልባት ትተወው ነበር። ምሰሶውን ለቀቀች፤ ኦርኪዱን ከመስኮቱ አነሣች። ጥጉ ድረስ ሄዳ የጸሎት መጽሐፉን አመጣች፤ መሐሉ ላይ ገለጠችና በሁለት እጇ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ለቄስ ኪዳነ ሰጠቻቸው።

«እሺ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። «አባ ግን አንዴ ያንብቡልን። ብርሃኑም ይኸው ነው፤ አበባውን አንስቼዋለሁ። ከተገለጠው ላይ ያንብቡልን።»

ቄስ ኪዳነ መጽሐፉን ያዙ። ጣታቸው ገጹን ዳበሰ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በዚያ መልካም ድምፃቸው፣ የማለዳውን ጸሎት ከመጀመሪያው አንሥተው ወረዱት። አንድ ቃል አልዘለሉም። አያ ወዳጆ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

መምሬ ወልደ አማኑኤል ከጎናቸው ነበሩ፤ ገጹን አዩት። ገጹ የማታ ጸሎት ነበር። መምሬ አንድ ጊዜ ገጹን፣ አንድ ጊዜ የቄስ ኪዳነን ዓይን ተመለከቱና እጃቸውን በቀስታ መጽሐፉ ላይ ጫኑ።

«ይበቃል አባ ኪዳነ» አሉ።

ቄስ ኪዳነ አቆሙ።

«ባለፈው ሰንበት ከቅኔ ማኅሌቱ ደረጃ የተሰናከሉት ለዚህ ነበር?»

ቄስ ኪዳነ አንገታቸውን ደፉ።

«ለምን አልነገሩኝም? ጽዋ የሚይዝ እጅ እኮ ነው።» መምሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ነገር ግን ያልሰማ አልነበረም። «ከእንግዲህ ለጊዜው መቅደስ አይግቡ። ውጭ ሆነው ያስቀድሱ።»

አያ ወዳጆ ነገሩ የገባቸው ዘግይተው ነው፤ ሲገባቸው ተነሥተው በርኖሳቸውን አነሱ። ሽምግልናው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ማንም ትርሲትን አልተናገራትም፤ ማንም ግን አልተሰናበታትም።

ቄስ ኪዳነ መጽሐፉን እንደያዙ ቀሩ። «ታውቂ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አውቅ ነበር።»

«መቼ ጀምሮ?»

«አበባውን ሲያዞሩ ካየሁ ጀምሮ።»

«ለብቻዬ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር።»

«እርስዎም ለብቻዎ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።»

ከዚያ በኋላ እንኳን ጠብ፣ ቃልም ጠፋ። ምንተስኖት ሲሄድ «አባቴን ገደልሻቸው» አላት። «ዓይናቸው እንደማያይ ልጃቸው ሆነህ አላየህም፤ እኔ አየሁ» አለችው። መንደሩ ግን ከእሷ ጋር አልነበረም። ምንጭ ስትወርድ ወሬ ይቋረጣል። እትዬ የትምወርቅ እሳት ልትጭር መምጣት ተወች። እኒያን ቄስ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ከምእመኑ ጋር ቆመው ሲያዩአቸው ሰዎች ጥፋቱን በእሷ ላይ ይቆጥሩ ነበር፤ እሷም ከፊሉ የእሷ እንደሆነ አልካደችም። ተጸጽታ እንደሆነ የሚጠይቃት ቢኖር ግን መልሱን አታውቀውም ነበር። እሳቸውን ያዋረደችበት መንገድ ያሳፍራት ነበር፤ እውነቱን ማውጣቷ ግን አላሳፈራትም።

መደቡን ለቀቀችላቸው። ቄስ ኪዳነ አልተመለሱበትም፤ ከጎተራው አጠገብ ባለው ጨለማ ተቀምጠው ዋሉ። መስኮቱ ለኦርኪዱ ብቻ ሆነ። ማንም ስላላዞረው የዘንጉ ጫፍ ከጠመመበት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ መስታወቱ ሄደ፤ የተረፉት እምቡጦች ሞሉ።

የካቲት ላይ የዓይን ሐኪሞች ደብረ ብርሃን ሊመጡ እንደሆነ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰማች። ለባሏ በስልክ ነገረችው። እሱ ለአባቱ ሲነግራቸው «ማን ነገረህ?» ብለው ጠየቁ። እሷ መሆኗን ሲሰሙ «አልሄድም» አሉ። ጨርሰው እምቢ እንዳሉ ሲገባት ትርሲት ራሷ ወደ መምሬ ወልደ አማኑኤል ሄደች።

«እኔ ስላልኩ ነው እምቢ የሚሉት» አለቻቸው። «እርስዎ ያዘዟቸው ያስመስሉት።»

«አዝነሽላቸው ነው?»

«አይደለም» አለች። «ሲያዩኝ ማየት እፈልጋለሁ። በማያይ ሰው ላይ መናደድ ሰልችቶኛል።»

መምሬ ሊስቁ ዳዳቸው፤ አልሳቁም። በማግስቱ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄዱ።

ቄስ ኪዳነ ተመልሰው ሲመጡ ቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ነበር። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ለጥቂት ቀናት በጥቁር መነጽር ከጎተራው ጥግ ሳይወጡ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ትርሲት ምድጃውን ስታራግፍ ተነሥተው ሄደው መስኮቱ ፊት ቆሙ። መነጽሩን አወለቁ። ኦርኪዱ አበባውን አውጥቶ ነበር፤ ነጭ፣ ሰፋፊ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ጀርባውን ለቤቱ የሰጠ። የተቃጠሉት ቅጠሎች ከሥሩ እንደ ነበሩ ናቸው።

«ይሄ ነው?» አሉ።

«ይሄ ነው።»

«ዘንጉ ጠማማ ነው።»

«እርስዎ ነዎት ያጣመሙት።»

ቄስ ኪዳነ ጎንበስ ብለው ዘንጉን ከታች እስከ ላይ በዓይናቸው ተከተሉት፤ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ። «አንዳንዱ ለንባብ ብዬ ሳነሣው ነው» አሉ። «አንዳንዱ ግን ሆን ብዬ ነው። እንድትናደጂ ብዬ።»

ትርሲት አመዱን ይዛ ቆመች።

ከዚያ ዞረው እሷን አዩአት። ከመጣች ጀምሮ ፊቷን በደንብ ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጊዜ ወስደው አዩት። «ዓይኔን ስላገኘሁ አንቺን አላመሰግንም» አሉ።

«እኔም ምስጋና አልጠየቅሁም።»

«መምሬ የነገሩኝ ነገር አለ። ቢሆንም አላመሰግንም። በሰው ፊት ያዋረድሽኝን እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። እኔ ገና ነኝ።»

«እኔም ገና ነኝ አባ» አለች። «ቅጠሉ አይመለስም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዕዳው ከሁለቱም በኩል መሆኑን እንደሚቀበል ሰው። ከዚያ አጎዛቸውን ከጥጉ አንሥተው መደባቸው ላይ አነጠፉ፣ ተቀመጡ፣ መጽሐፉን ገለጡ። አበባው ብርሃናቸውን በከፊል ይጋርዳቸው ነበር። አላነሡትም፤ ራሳቸው ወደ መደቡ ጫፍ ፈቀቅ አሉ። ትርሲት ይህን አየች። ልቧ ግን አልላላም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቄስ ኪዳነ ወደ መቅደስ ተመለሱ። በዚያው ሳምንት ትርሲት ለባሏ «ሞላሌ ክፍል ተከራይልኝ፤ ካልሆነ ደብረ ብርሃን ብቻዬን እመለሳለሁ» አለችው። ምንተስኖት አባቱንም ሚስቱንም ተራ በተራ አየ። በዚህ ጊዜ ግን ለሁለቱም ልክ ነሽ፣ ልክ ነዎት አላለም፤ ሄዶ ክፍል ፈልጎ መጣ።

ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን ቄስ ኪዳነ ደጃፉ ላይ ወጡ።

«አበባውን ተይው» አሉ። «ሲያብብ ከተንቀሳቀሰ ይረግፋል ስትይ ሰምቻለሁ። እስኪጨርስ እዚህ ይቆይ። አልነካውም።»

ትርሲት አሰበች። እውነታቸውን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ አይነኩትም። ቢሆንም እሳቸው ቤት ትታው መሄድ አልፈለገችም።

«እወስደዋለሁ» አለች።

«እንግዲህ ይረግፋል።»

«ይርገፍ።»

ረገፈም። አይሱዙው በጠጠሩ መንገድ ሲንገጫገጭ አበባዎቹ እየላሉ ሄዱ፤ የሞላሌው ክፍል መስኮት ደግሞ በምዕራብ በኩል ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብርሃን የሚገባው። ሳምንት ሳይሞላ ጠማማው ዘንግ ባዶውን ቀረ። ትርሲት ከሥሩ ቆረጠችው፣ የተቃጠሉትንም ቅጠሎች አብራ ቆረጠች፤ መስኮቱ ላይ ሳሳ ያለ ነጠላ ጋረደችና ተወችው። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወጣች፤ ገበያው አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ቀጠራት።

ከትንሣኤ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ የምግብ ቤቱን ደጅ ስትጠርግ ቄስ ኪዳነ ከመንገዱ ማዶ ሲመጡ አየቻቸው። ጨው የተቋጠረበት ከረጢት ይዘዋል። ያለ ሰው ድጋፍ፣ ድንጋዩን እየመረጡ ነበር የሚራመዱት። ከሩቅ አወቋት። መንገዳቸውን ሊቀይሩ ይችሉ ነበር፤ አልቀየሩም። መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«ደህና ነሽ?» አሉ።

«ደህና ነኝ አባ። ዓይንዎስ?»

«ያያል።»

መጥረጊያዋን ወደ ጎን አድርጋ መንገዱን ለቀቀችላቸው። መስቀል አውጥተው አላሳለሟትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከረጢታቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውረው በገበያው ሰው መካከል ወደ ኮረብታው መንገድ ወጡ።